ደበሎና ፓራሹት



ዛሬ የምናገረው በብርድ ጊዜ ከአውሮፕላን የሚዘል ሰው ገላው ላይ ምን መልበስ እንዳለበት ነው። ርእሱን ትናንት ማታ ለአጎቴ ብነግራቸው ጥቂት ዝም አሉና፣ «ከሰማይ ለሚዘልስ ከልብሱ ጠበሉ ይሻለዋል» አሉኝ። ሳቅሁ። በኋላ ጋደም ብዬ ሳስበው ግን እሳቸው ያን ሲሉ የለበሱት ጋቢ፣ ከጋቢው ሥር ያጠለቁት ሹራብ፣ ከበሩ ጀርባ የተሰቀለው ገሳ፣ ሦስቱ ተደምረው የዛሬው ንግግሬ ሆነው አገኘኋቸው። ስለዚህ ዝላዩ ለማናችሁም ባይሆን ልብሱ ለሁላችሁም ይሆናል።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። በሰው አገር ስኖር አንድ ኅዳር ላይ ጓደኞቼ ወደ ዝላይ ጎትተው ወሰዱኝ። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚዘለው ከአስተማሪ ጋር በቀበቶ ታስሮ ነው። «ሞቅ ያለ ልበስ» ብቻ ተብያለሁ። እኔ ደግሞ የደጋ ልጅ ነኝ፣ ብርድን ማን ያስተምረኛል ብዬ ሦስት የጥጥ ካናቴራ ደረብሁ፤ ከላይ ወፍራም ጃኬት፣ ከታች ጂንስ። ተራችን እስኪደርስ ምድጃ በሚነድበት ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዓት ተቀመጥን። ከዚያ ያን ሁሉ እንደ ለበስሁ ሜዳውን አቋርጬ በአውሮፕላኗ ጠባብ ሆድ ውስጥ ከአሥር ሰው ጋር ተጣበቅሁ። ፍርሃቱም ሙቀቱም አንድ ላይ ሆነውብኝ ጀርባዬ በላብ ራሰ። በሩ ሲከፈት ያ ላብ በረዶ ሆኖ አከርካሪዬ ላይ የተጋገረ መሰለኝ። ውበቱን አየህ ወይ ቢሉኝ አላየሁም፤ የማስታውሰው ጥርሴ ሲንገጫገጭ ነው።

መሬት ከደረስን በኋላ የራስ ቁሩን ማሰሪያ ከአገጬ ሥር ልፈታ ብል ጣቴ እንቢ አለኝ። አስተማሪዬ ፈታልኝና ስንት ልብስ እንደ ደረብሁ ጠየቀኝ። ሦስት ካናቴራ አልሁት። ከምን የተሠራ? ከጥጥ። ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ የራሱን እጅጌ ገለብ አድርጎ አሳየኝ። እንደ ነጠላ የሳሳች፣ ገላው ላይ ልክክ ያለች ጥቁር ሹራብ ናት። አንዲት ብቻ። ከበግ ጠጉር የተሠራች።

እኔ በልጅነቴ በግ ጠብቄአለሁ። በዚያች ቅጽበት ያፈርሁትን ያህል በሕይወቴ ያፈርሁበት ቀን ጥቂት ነው።

እስኪ ብርዱን በቁጥር እንየው። ወደ ላይ በወጣን መጠን አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ይህን እናንተ በእግራችሁ ታውቁታላችሁ። የአባይ በረሃ ወለሉ 1,000 ሜትር ገደማ ነው፤ የጮቄ ጫፍ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። በመካከሉ 3,000 ሜትር፣ ማለትም ወደ 20 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት አለ። ከቆላ በሸሚዝ የተነሣ ነጋዴ ጮቄ ሥር ሲደርስ ጋቢውን እስከ ጆሮው የሚጠቀለለው ለዚህ ነው። ዘላዩም የሚሄደው ይህንኑ መንገድ ነው፤ ልዩነቱ ከላይ ወደ ታች መሆኑና አብዛኛውን በአንድ ደቂቃ መጨረሱ ነው። በተለመደው ዝላይ አውሮፕላኑ ከመሬት 4,000 ሜትር ያህል ከፍ ሲል ከበሩ ይወጣል፤ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት 60 ሰከንድ ያህል ይወድቃል፤ ከዚያ ፓራሹቱን ከፍቶ አምስት ስድስት ደቂቃ ይንሳፈፋል። መሬት ላይ 5 ዲግሪ በሆነበት በዚያ የኅዳር ቀን እኔ ከበሩ ስወጣ ከዜሮ በታች 20 ገደማ ነበር ማለት ነው። ነፋሱን ሳንጨምር።

እዚሁ ጎረቤታችን ደብረ ማርቆስ ላይ ቢዘለልስ? ከተማዋ 2,446 ሜትር ላይ ተቀምጣለች። 4,000 ሲጨመርበት 6,446 ይሆናል። እዚያ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ግማሹን እንኳ አይሞላም፤ ዘላዩ ኦክስጅን ካልያዘ ገና ሳይዘል ይዞርበታል። ከተማው 20 ዲግሪ በሆነበት ፀሐያማ ቀንም ላይኛው አየር ከዜሮ በታች 6 ነው። እኛ የቆምንበት መሬት ራሱ ሌላው ዓለም በአውሮፕላን ሊወጣው የሚደክምበትን ከፍታ እኩሌታ ጨርሶ የሚጠብቅ ነው። በዚህ ልንኮራ እንችላለን፤ ለመዝለል ግን ዝቅ ያለ አገር ይሻላል።

ፓራሹት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1922 ዓ.ም. «የሐርለም ጥቁር ንስር» የሚባለው የትሪኒዳድ ተወላጅ ሁበርት ጁልያን አዲስ አበባ መጥቶ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ዘሎ ነበር። የኮሎኔልነት ማዕረግም አገኘበት። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በዘውዱ በዓል ዋዜማ፣ ከንጉሠ ነገሥቱ አውሮፕላኖች አንዱን ከስክሶ ተባረረ እንጂ። ከዚያ ወዲህ የራሳችን አየር ወለድ ሠራዊት ተቋቁሞ ስንት ጎበዝ ዘልሏል። ወታደሩ ግን የሚዘለው ከጥቂት መቶ ሜትር ነው፤ ፓራሹቱ ከአውሮፕላኑ ጋር በተያያዘ ገመድ ወዲያው ይከፈትለታል። የእሱ ጭንቀት ጥይትና ቁርጭምጭሚት ነው። ብርድ የሚፈትነው ለደስታ ብሎ ከላይ የሚዘለውን ነው።

አሁን ወደ ልብሱ እንግባ። ብዙ ሰው ልብስ ያሞቃል ብሎ ያምናል። ልብስ አያሞቅም። ጋቢ ድንጋይ ላይ ቢደረብ ድንጋዩ ሲቀዘቅዝ ያድራል። የሚያሞቀው ሰውነታችን ነው፤ ሥራ ፈቶ የተቀመጠ ሰው እንኳ የአንድ ባለ 100 ዋት አምፖል ያህል ሙቀት ያወጣል። ያን ሙቀት የሚይዝልን ደግሞ ክሩ ሳይሆን በክሩ መካከል ጸጥ ብሎ የተቀመጠው አየር ነው። ጋቢ አራት ድርብ የሆነው ለጌጥ አይደለም። በአራቱ ድርብ መካከል ሦስት የአየር መኝታ አለ። አዲስ ጋቢ ከታጠበ አሮጌ ጋቢ ይልቅ የሚሞቀው ገና ያልተጫነ፣ ነፋ ያለ ስለሆነ ነው። እናቶቻችን ሲፈትሉና ሲያስሸምኑ ይህን አስልተውታል።

የዚህ ሁሉ ጠላት ውሃ ነው። ውሃ ሙቀትን ከሰውነት የሚወስደው ከአየር 25 እጥፍ ያህል ፈጥኖ ነው። አየሩ የነበረበትን ቦታ ውሃ ሲወርሰው ልብሱ መከላከያ መሆኑ ቀርቶ የሙቀት መሸሺያ ይሆናል። ውሃው ደግሞ ከሰማይ ብቻ አይመጣም፤ ከውስጥም ይመጣል። እኔን የጎዳኝ ዝናብ አልነበረም፤ የገዛ ላቤ ነው። ጥጥ ውሃ ይወዳል። ላቡን ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ገላ ላይ ይለጠፋል፣ አይለቅቅም። ሦስት የጥጥ ካናቴራ መደረብ ሦስት እርጥብ ጨርቅ መደረብ ነው።

የበግ ጠጉር ሌላ ነው። እያንዳንዷ ዘለላ ላይዋ በቅርፊት የተሸፈነና ቅባት የነካው ስለሆነ የውሃ ጠብታ ይንከባለልበታል፤ ውስጧ ግን የላቡን እንፋሎት እየሳበ ያስቀምጣል። የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ይዞ እንኳ ሲነኩት ደረቅ ይመስላል። ጠጉሩ ጠመዝማዛ ስለሆነ ቢጫኑትም መልሶ ይነሣል፤ አየሩን አያስመልጥም። አስተማሪዬ አንዲት ሹራብ ለብሶ የኔን ሦስት ካናቴራ የበለጠኝ በዚህ ነው።

ይህን ስሰማ ወደ አእምሮዬ የመጣው ደበሎ ነው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ከደብረ ወርቅና ከዲማ ጋር በልጅነታቸው የተማሩበት ይህ የኛ ደብር፣ ከየአገሩ ስንቱን ተማሪ ሰብስቦ እንዳስተማረ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ያ ሁሉ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ፣ በየደጁ ስለ ማርያም ሲል የለበሰው የበግ ለምድ ነበር። የሐምሌ ዶፍ ወርዶበት፣ ጎጆው ገብቶ፣ ደበሎውን አራግፎ እዚያው ላይ ተኝቶበት ያድራል። ጥጥ ቢሆን ኖሮ ሲንቀጠቀጥ ያድር ነበር። አንድ አረጋዊ የኔታ በልጅነቴ፣ የራሰ ነጠላዬን ለብሼ እሳት ዳር ስቀመጥ አይተው፣ «አውልቀህ ደበሎውን ብቻ ልበስ፤ እርጥብ ነጠላ ሌባ ነው» ብለውኛል። ምን ይሰርቃል ብዬ አልጠየቅሁም። መልሱን ያገኘሁት ከሠላሳ ዓመት በኋላ በ4,000 ሜትር ላይ ነው። የደበሎውን ቅማል ግን አላወድስም፤ እሱን የለበሰ ያውቀዋል።

እንግዲህ ዘላይ ልብስ ሲመርጥ ሦስት ነገር ይደርባል። ገላውን የሚነካው ላቡን የሚያነሣ፣ መካከለኛው አየር የሚይዝ፣ የላይኛው ነፋስ የሚከለክል። አጎቴ ቤት ሦስቱም አሉ ያልሁት ይህን ነው። ገሳ ነፋስና ዝናብ ይመልሳል እንጂ በራሱ ሙቀት አይይዝም፤ ጋቢ ሙቀት ይይዛል፣ ነፋስ ግን ያልፈዋል። ነፋስ ሲነሣ ጋቢ ለባሹ ጀርባውን የሚሰጠው ለምን ይመስላችኋል? በ200 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለሚወድቅ ሰው ይህ ብዙ እጥፍ ይብስበታል፤ የላይኛው ልብሱ ነፋስ ካስገባ የሥሩ ሁሉ ከንቱ ነው።

ከሦስቱ ሰው የሚሳሳተው በመጀመሪያው ነው፤ ስለማይታይ። ገላ የሚነካው ልብስ ልክክ ማለት አለበት፤ ሰፊ ከሆነ ላቡን አያነሣም፣ ይተጣጠፋል። ለዘላይ እጥፋት ክፉ ነው፤ የፓራሹቱ ማሰሪያ በጭንና በትከሻ ላይ ስለሚጠብቅ ከሥሩ የተጠቀለለ ጨርቅ ሥጋን ይቆርጣል። በጣም የጠበቀም አይሁን፤ ደም ካልተዘዋወረ ጣት ይቀዘቅዛል። ሁለት ካልሲ ደርቦ ጫማ ውስጥ እግሩን የሚጠቀጥቅ ሰው አንድ ካልሲ ካደረገው በላይ የሚበርደው በዚህ ነው። እጅጌው እስከ አንጓ ይድረስ፤ ከፍታ የሚያሳየውን የእጅ መለኪያ ግን አይሸፍን። ሻርፕ አይፈቀድም። የሚንጠለጠል ነገር ሁሉ አይፈቀድም፤ ፓራሹቱ ሲዘረጋ ከገመድ ጋር ሊጠላለፍ ይችላል። እጅግ የወፈረ ጃኬትም የመክፈቻውን እጀታ ከሸፈነ ሙቀቱ ምን ይረባል?

ሌላው ጊዜው ነው። ልብሱ ሁሉ ተራ ሲቃረብ ይለበሳል እንጂ ምድጃ ዳር አይለበስም። ጥቂት እየበረዳቸው የሚጠብቁ ዘላዮች አይቻለሁ፤ ሞኝ መስለውኝ ነበር።

የእጅ ነገር ለብቻው ይነገር። ሰውነት ሲበርደው መጀመሪያ የሚተወው ዳር ዳሩን ነው፤ ደሙን ወደ ልብና ወደ ሳንባ ሰብስቦ ጣቶችን ለብርድ ይሰጣል። ዘላይ ደግሞ ሕይወቱ በጣቱ ነው። እጀታውን አግኝቶ መሳብ አለበት፤ ዋናው ፓራሹት ቢበላሽ ቆርጦ ጥሎ ተጠባባቂውን መክፈት አለበት። ጓንቱ ቀጭን ከሆነ ይደነዝዛል፣ ወፍራም ከሆነ እጀታው አይዳሰስም። ብዙዎች ቀጭን የሐር ወይም የበግ ጠጉር ጓንት ከሥር፣ ነፋስ የማያስገባ ስስ ቆዳ ከላይ ያደርጋሉ። ጆሴፍ ኪቲንገር የሚባል የአሜሪካ አየር ኃይል መኮንን ነሐሴ 10 ቀን 1952 ዓ.ም. ከ31 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ለመዝለል በባሎን ሲወጣ የቀኝ እጁ ጓንት የአየር ግፊት መያዝ አቃተው። እንዳያስወርዱት ብሎ ለምድሩ ቡድን ሳይናገር ቀጠለ፤ እጁ እጥፍ ሆኖ አበጠ። ዘሎ በሰላም ወረደ፣ እጁም ከሰዓታት በኋላ ተመለሰለት። ከዚያ ሁሉ ውድ ልብስ የከዳው ጓንት ነበር።

እዚህ ላይ አረቄ ያሞቃል የሚል ሰው ሊነሣ ስለሚችል ቀድሜ ልመልስ። አረቄ የቆዳን የደም ሥር ይከፍታል፤ ፊት ይሞቃል፣ የውስጡ ሙቀት ግን በዚያው ይወጣል። ሞቀኝ የሚለው ሰው እየቀዘቀዘ ነው። በሶ ይሻላል።

እና ይህን ልብስ ከየት እናገኛለን? ውድ ነው ብላችሁ አትቁረጡ። ቦንዳ ተራ ሂዱ። በክምር ውስጥ ስስ የበግ ጠጉር ሹራብ ከጥጡም ከፖሊስተሩም ጋር ተደባልቆ ይሸጣል፤ ሻጩም ገዢውም ስለማይለየው ዋጋው እኩል ነው። የውስጥ ምልክቱ ከተቆረጠ ከስፌቱ ጫፍ አንዲት ክር ምዘዙና ከቤት ስትደርሱ ለኩሷት። እንደ ተቃጠለ ጠጉር ከሸተተችና አመዷ በጣት ከተፈረፈረ የበግ ጠጉር ናት። እንደ ወረቀት ቦግ ብላ ግራጫ አመድ ከተወች ጥጥ ናት። ቀልጣ እንደ ዶቃ ጠጥራ ከቀረች ፖሊስተር ናት። ፖሊስተርም መጥፎ አይደለም፤ ውሃ ስለማይጠጣ ቶሎ ይደርቃል፣ ብዙ ዘላዮችም እሱን ነው የሚለብሱት። ነገር ግን እሳት ዳር ለሚያጠና ልጅ አልመርጥለትም፤ ፍንጣሪ ሲነካው ቀልጦ ገላ ላይ ይጣበቃል። የበግ ጠጉር ከእሳት ሲርቅ ራሱን ያጠፋል።

አንድ ቅሬታ አለኝ። በግ የሞላበት አገር ይዘን የበግ ጠጉር ልብስ ከባሕር ማዶ በቦንዳ እንጠብቃለን። በርኖስና ባና የሠራው እጅ የት ሄደ? እርግጥ ነው፣ የኛ በግ ጠጉር ሸካራ ነው። መሪኖ ከሚባለው የውጭ በግ ለገላ ልብስ የሚመረጠው ዘለላ ከ20 ማይክሮን በታች ይሳሳል፤ 30 ማይክሮን ከደረሰ ቆዳን ይወጋል፣ ያሳክካል። ስለዚህ የኛን ገላ ላይ ለብሳችሁ ስትታከኩ እኔን እንዳትረግሙኝ። ቦታው ሁለተኛው ድርብ ነው፤ በስስ ልብስ ላይ። እዚያ ላይ ከማንም አያንስም። በየጓሮው ስንት በግ ሲታረድ ጠጉሩ ከቆዳው ጋር በርካሽ ሲሄድ አያለሁ፤ የሚፈትለው ሰው ግን አላይም።

ከመቀመጤ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። በየዓመቱ ክረምት ሲገባ ለአብነት ተማሪዎች ልብስ እንሰበስባለን። እኔም አምና ከላክሁት መካከል አብዛኛው አዳዲስ ነጭ የጥጥ ካናቴራ ነበር፤ ሲያዩት ያምራል። በሐምሌ ግን ያ ካናቴራ በዝናብ ርሶ፣ በጎጆ ጭስ ሳይደርቅ፣ ልጁ ጀርባ ላይ ተለጥፎ ያድራል። እኔ በ60 ሰከንድ ያልቻልሁትን እሱ ሦስት ወር ይችለዋል። ዘንድሮ ካናቴራውን ተውትና ስስ የበግ ጠጉር ሹራብ አምጡ፤ አሮጌም ቢሆን፣ ክርኑ የተቀደደም ቢሆን። ክሯን ለኩሳችሁ አሽትቱና አምጡ። እኔ ቅዳሜ ከገበያው መግቢያ ላይ ጆንያ ይዤ እቆያለሁ።